የመንግሥት ዋስ

በቅሎዋ የፊት እግሯን ተክላ በጭቃው ላይ ስትንሸራተት፣ ዳምጤ ልጓሟን እንደያዘ አብሯት ተንሸራተተ። ከኋላ ጅራቷን ጨብጣ የምትወርደው ደጊቱም ተከተለች። ሦስቱም እንዲያ ተያይዘው ቁልቁለቱን ወርደው አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ቆሙ።

«አያ ዳምጤ፣ ቀስ በል እንጂ!» አለች ደጊቱ፣ እሾኹን ከነጠላዋ እየነቀለች። «አንተ እዚህ ገደል ገብተህ ብትቀር በሬዎቹ ለልጆችህ ይሆናሉ። እኔ ደግሞ ከወራሽ ጋር ስካሰስ አልከርምም።»

«ለኔ የደነገጥሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ላንተማ የምትደነግጥልህ ሚስት አለችህ። እኔ የምደነግጠው ለሰማንያ ሦስት አባወራ ነው።»

ዕለቱ የመድኃኔዓለም ማግስት፣ ሰኔ ሃያ ስምንት፣ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ነው። ከወገዳ ወዲያ ካለው የስማዳ ቀበሌያቸው የተነሡት ጎሕ ሲቀድ ነበር። ዛሬ አርብ ገበያ ከተማ ማደር፣ ነገ ንፋስ መውጫ መግባት፣ ከነገ ወዲያ ረቡዕ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ሳይመሽ ከግምጃ ቤቱ ደጅ መቆም አለባቸው። ከአውራጃው የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላልና፦ «የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ቀን ስለሚዘጋ፣ እስከዚያ ወጪ ያልሆነ ገንዘብም ሆነ ንብረት ተመላሽ ይሆናል።»

ዳምጤ ይህን ደብዳቤ ራሱ አንብቦታል። የገበሬው ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ፊደል የቆጠረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስላነበበው ግን የገባው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያርስም፣ ሲበላም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምም ያቺን አንዲት ነገር ሲያላምጣት ሰነበተ። ገንዘብ እንዴት ቀን ያልፍበታል? ጤፍ ቢሆን ይነቅዛል። ጠላ ቢሆን ይኮመጥጣል። ብር ምን ይሆናል?

«ደጊቱ፣» አለ ሜዳውን ሲይዙ፣ «ሐምሌ አንድ ቀን ሲነጋ ብሩ የት ይሄዳል ትያለሽ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ብር የት እንደሚሄድ ባውቅ ተከትዬው በሄድሁ።»

እንግዲህ ይህ ሰውዬ ዋስ ነው። የማን ዋስ ነው ቢሉ፣ የመንግሥት።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። ጥር ላይ፣ ሰዉ ገና ከውቂያው ሳይወጣ፣ ካኪ የለበሰ አንድ ሹም ከአውራጃ መጥቶ በአውድማው ላይ ስብሰባ ጠራ። ክሊኒክ ይሠራላችኋል አለ። ግድግዳውን ሕዝቡ ያቆማል፣ ጣሪያውን መንግሥት ያለብሳል፤ መቶ ሃያ ቆርቆሮ ተመድቧል አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ሁሉም ሲያጨበጭብ ደጊቱ ተነሣች። ባሏ የሞተባት፣ የሴቶች ማኅበር ኃላፊ የሆነች፣ አርባ እግር ባሕር ዛፍ ከጓሮዋ ለግድግዳው ልትሰጥ ቃል የገባች ሴት ናት።

«መልካም ነው፣» አለች። «መንግሥት ዋሱን ይጥራ።»

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ቁና ዘር እንኳ ያለ ዋስ ከጎተራ አይወጣም። ወንድም ከወንድሙ ሲበደር ዋስ ይጠራል፤ ነውርም የለበትም፣ ወጉ ነው። ሹሙ ግን የስማዳ ሰው አልነበረምና ፈገግ ብሎ፣ «የመንግሥት ዋስ አብዮቱ ነው፣ እናቴ» አላት።

«አብዮቱ በሬ አለው?» አለች ደጊቱ።

የሹሙ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ሁሉም አየ። ከዚህ ባነሰ አፍ ንፋስ መውጫ ታስሮ የከረመ ሰው ነበር። ዳምጤ ከተቀመጠበት የጭድ ክምር መቼ እንደ ተነሣ ራሱም አያውቀውም። «እኔ ለመንግሥት ዋስ እሆናለሁ!» ሲል ግን ድምፁን ሰማው። «ሁለት በሬ አለኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙም አብሮ ሳቀ። ውሉ ሲጻፍ፣ ሰዉ አውራ ጣቱን በቀለም እየነከረ ሲያስነካ፣ እማኝ ጎድሎ ሹሙ ራሱ እየሳቀ ፈረመበት። የሳቁት ሁለት ወር ያህል ነው። ግድግዳው ቆመ፤ ሹሙ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ቆርቆሮው አልመጣም። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። የግድግዳው ጭቃ ከእግሩ መሟሟት ሲጀምር ሴቶቹ አናቱን በሣርና በአጎዛ አለበሱት። አጎዛ ስንት ቀን ያቆያል? ከዚያ በኋላ ሰዉ የዳምጤን በሬዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። አንድ ቀን እንዲያውም ተክለሃይማኖት የሚሉት ጎረቤቱ ከበሬዎቹ አንዱን፣ ቦራን፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ፣ «ደኅና ያዘው እንጂ፣ የሰው ገንዘብ ነው» ብሎት አልፏል።

ደጊቱ አብራው የምትሄደውም ለዚህ ነው። ባለገንዘብ ዋሱን ብቻውን አይለቅም።

«ድሮ በአባቶቻችን ጊዜ ቢሆን እኮ ቁራኛ ነበርን፣» አለችው መንገድ ላይ። «የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢህ ጫፍ ቋጥሬ፣ ዕዳህን እስክትጨርስ አብረን እየበላን፣ አብረን እያደርን...»

«ኧረ ተይ! ሚስቴ ብትሰማ ከመንግሥት የባሰ ትመጣብኛለች።»

ከቀትር በፊት ወንዙ ደረሱ። ሞልቶ አልነበረም፤ ነገር ግን ደፍርሷል፣ ድንጋይም ያንከባልላል። ደጊቱ ዳር ላይ ቀጥ አለች። ዳምጤ ምክንያቱን ያውቃል። የዛሬ አራት ዓመት ልጇ ወለተ ሥላሴ ምጥ ሦስት ቀን ይዟት፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ እዚህ ዳር ወንዙ እስኪጎድል ሲጠብቁ ነው ሕይወቷ ያለፈው። ያን ዕለት ከተሸካሚዎቹ አንዱ እርሱ ነበር።

ደጊቱ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ከጋቢው ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«ቁራኛ መሆናችን ነው?» አላት።

«ውኃው እንዳይወስድህ ነው፣» አለች። «ወይም እኔን። ሂድ እስቲ፣ ግባ።»

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ንፋስ መውጫ ገብተው ከዘመድ ቤት አደሩ። ረቡዕ ጠዋት ጉሙ ገና ሳይገልጥ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ፣ የግምጃ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሙ።

ዳምጤ በጉጉት ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። ግምጃ ቤት ሲባል ወርቅ የሚያብለጨልጭበት፣ ዘበኛው ጠመንጃ የወደረበት ቤት አድርጎ ነበር የሚያስበው። ያገኘው ግን አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ኮሪደሩም እስከ ጣሪያው ድረስ በወንበር የታጨቀ ነበር። አዳዲስ ወንበሮች፣ እግራቸው ወደ ላይ፣ ገና መጠቅለያ ወረቀታቸው ያልተፈታ። በወንበሮቹ መካከል እንደ ምንም ተሹለክልከው አንድ ክፍል ገቡ።

እዚያ አንድ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ሽበት የዋጠው ሰው ከትልቅ መዝገብ በስተጀርባ ተቀምጧል። ሒሳብ ሹሙ ገብረ መድኅን ነው። በንጉሡ ጊዜ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ በደርግም ጊዜ እዚያው ነው። የተለወጠው ከራሱ በላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ፣» አለች ደጊቱ እጅ ነሥታ።

«ጌታዬ ቀርቷል እናቴ። ጓድ በይኝ።» ቀና ብሎ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደምን አደራችሁ። ተቀመጡ።»

«ከየትኛው ላይ?» አለች ወደ ኮሪደሩ እያየች። ገብረ መድኅን ሳቁን ዋጠ።

ዳምጤ የመጣበትን ነገረው። ሒሳብ ሹሙ መዝገብ ገለጠ፣ ሌላ መዝገብ ገለጠ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«መቶ ሃያ ተመድቦላችሁ ነበር። እውነት ነው። ሰባ ሁለቱ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ አለ። የአርባ ስምንቱ ክፍያ ቆሟል። ሰኔ ዐሥራ አምስት ቀን ቴሌግራም መጣ፦ የበጀት ጉድለት ስላለ አዲስ ወጪ እንዳይደረግ። ነገ ደግሞ ቆጠራ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተገኘው ሁሉ ወደ ክፍለ ሀገሩ ይጫናል።»

«ጉድለት ማለት?» አለ ዳምጤ።

«ማነስ። የሚገባው ከሚወጣው ሲያንስ።»

«ማን ላይ አነሰ?»

«መንግሥት ላይ።»

ዳምጤ ወደ ደጊቱ ዞሮ አየ፤ ደጊቱም አየችው። ግብር የሚጥለው፣ መዋጮ የሚሰበስበው፣ ብሩንም ራሱ የሚያትመው መንግሥት ሲያንሰው! ዳምጤ የመጣበትን ጉዳይ ለጊዜው ረስቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ይንገሩኝ እስቲ። መንግሥት ሲያንሰው ምን ያደርጋል?»

«ይበደራል።»

«አይ እግዜር! ከማን?»

«ከባንክ። ከባሕር ማዶም፣ ከውጭ መንግሥታት።»

«ወለድ አለው?»

«አንዳንዱ አለው።»

«ቀኑ ሲደርስና ባይኖረውስ?»

«ሌላ ይበደርና ያንን ይከፍላል። ወይ ቀን ያራዝሙለታል።»

ገብረ መድኅን በሠላሳ ዓመት ሥራው ይህን የጠየቀው ባለጉዳይ አልነበረም። ሰው ወደ እርሱ የሚመጣው ገንዘብ ሊሰጥ ወይም ሊቀበል ነው። ገንዘቡ እንዴት እንደሚኖር ብሎ የጠየቀ የለም። ስለዚህም እንደ መምህር ሆነና ከአዲስ አበባ የመጣውን የዓመቱን ጥራዝ አውጥቶ ዘረጋላቸው።

«ይኸውልህ ወንድሜ። በግራ የሚገባው፦ ግብር፣ ቀረጥ፣ የቡና ሽያጭ። በቀኝ የሚወጣው። ይኼ መንገድ ነው። ይኼ ትምህርት ቤት። ይኼ የኛ የሠራተኞቹ ደሞዝ። ይኼ የቀድሞው ብድር መክፈያ...» ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ረጅም ቁጥር ያለበት መስመር ላይ ደረሰች። እዚያ ከወረቀቱ ተነሥታ አየር ላይ አለፈችና ከመስመሩ በታች አረፈች። «ይኼ ደግሞ ጤና ጥበቃ።»

«አንዱን ዘለሉት፣» አለች ደጊቱ። ፊደል ባትቆጥርም ጣት ትከተላለች። «ወፍራሙን።»

«ዓይኔን ደከመኝ።»

ደጊቱ ሌላ አልጠየቀችም። በቀበሌያቸው ልጁ ወደ ሰሜን ያልዘመተበት ቤት የለም፤ የዳምጤም መካከለኛ ልጅ ከመስከረም ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈም። ሦስቱም ያን መስመር አዩት።

«ደጅ ያሉት ወንበሮችስ?» አለ ዳምጤ በመጨረሻ። «ጉድለት ካለ?»

«ከቴሌግራሙ በፊት የተገዙ ናቸው። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ።»

«ሳያስፈልጉ?»

«ሳያስፈልጉ።»

ዳምጤ አሁን ገባው። ብሩ አይነቅዝም፣ አይኮመጥጥም። ቀኑ ሲደርስ ግን ሰዉ ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወንበር ይገዛል። ነገሩን በማወቁ አንድ ዓይነት ደስታ ተሰማው፤ ወዲያው ግን በሬዎቹ ቦራና ዳማ ትዝ አሉትና ደስታው በረደ።

«ሰባ ሁለቱን ይስጡን፣» አለ። «ተገዝቷል፣ አዲስ ወጪ አይደለም።»

«ከመጋዘን ማውጣትም ወጪ ነው። ቴሌግራሙ የሚፈቅደው ቀድሞ ውል የታሰረበትን ብቻ ነው። እናንተ ያላችሁ ቃል እንጂ ውል አይደለም።»

ዳምጤ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። እዚያ፣ ከማተቡ ጋር፣ የክታብ ቆዳ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አለ።

«አያ ዳምጤ!» ደጊቱ ክንዱን ያዘችው። ጆሮው ሥር ተጠግታ፣ «አታውጣው። እኔ መንግሥትን ዋስ ጥራ ማለቴ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሁለታችንንም ያስበሉናል» አለችው።

እውነቷን ነው። ወረቀቱን አውጥቶ ቢሰድቡት፣ ቢያስሩት፣ ማን ይጠይቃል? አውጥቶ ባያሳይ ደግሞ የክሊኒኩ ግድግዳ ፈርሶ ይከርማል፤ በሐምሌ ማሳው ላይ በሬ የሌለው ገበሬ ሆኖ ይቆማል። ዳምጤ የሰውየውን ፊት አየ። በክር የታሰረውን መነጽር አየ። ያችን ከመስመሩ ላይ ተነሥታ ያለፈች ጣት አሰበ። ውሸት መናገር ስላልፈለገች ነበር እኮ የዘለለችው።

ክንዱን ከደጊቱ እጅ ቀስ አድርጎ አወጣና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ገብረ መድኅን ድምፁን ሳያሰማ አነበበ፦ «ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.። ሕዝቡ የክሊኒኩን ግድግዳ ሊያቆም፣ መንግሥት መቶ ሃያ ቆርቆሮ ሊያለብስ ተስማምተናል። በደጊቱ ጥያቄ ለመንግሥት ዋስ የሆንሁት እኔ ዳምጤ፣ መንግሥት ክረምቱ ሳይገባ ቃሉን ባይፈጽም፣ ቦራና ዳማ የተባሉትን ሁለት የእርሻ በሬዎቼን ለሕዝቡ አስረክባለሁ።» ከሥሩ ሰማንያ ሦስት የአውራ ጣት ቀለም፣ ከዚያም ሥር የሹሙ ፊርማ።

መጀመሪያ የሒሳብ ሹሙ ትከሻ ነበር የተንቀጠቀጠው። ሳቅ ነው። አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ፤ መነጽሩ ረጠበ። ከዚያ ግን ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ አነበበና ሳቁ ጠፋ።

«በእውነት በሬዎቹን ይወስዱብሃል?»

«ይወስዱብኛል እንጂ! ዋስ አይደለሁ?»

«አንተ ምን አገባህ? ቃሉን የሰጠው ሌላ፣ የቀረው ሌላ።»

«ዋስ እንዲያ ነው ጌታዬ... ጓድ። ባይሆንማ ዋስ ለምን ይጠራል?»

ገብረ መድኅን ፊርማውን በጣቱ ዳሰሰው። የሚያውቀው ፊርማ ነው፤ ቀኑም ከቴሌግራሙ አምስት ወር ይቀድማል። «ውል ነው ልል እችላለሁ፣» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። «ግን ኦዲተር ሲመጣ፣ ‹ይኼን የበሬ ወረቀት ውል ያልከው ማነህ?› ቢለኝ፣ የሰባ ሁለት ቆርቆሮ ዋጋ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ጡረታዬም ደርሷል።»

«በኛ አገር፣» አለ ዳምጤ በቀስታ፣ «ዋስ ሲጨንቀው ከበስተጀርባው የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። የዋስ ዋስ እንለዋለን። ማንም አያስገድደውም። እሺ ካለ ብቻ ነው።»

ሒሳብ ሹሙ ከመሳቢያው የመጋዘን ማውጫውን ሞዴል ሃያ ሁለት አወጣ፤ በሦስቱ ቅጠሎች መካከል ካርቦኑን አስገባ፤ ጫፎቹን እያስተካከለ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ደጊቱ ብዕሩን ታያለች።

«ሰባ ሁለቱን ብሰጣችሁ፣ አርባ ስምንቱስ?»

«በሬዎቹ አሉ፣» አለ ዳምጤ።

ገብረ መድኅን ጻፈ። አጥብቆ ነው የሚጽፈው፣ ፊደሉ እስከ ሦስተኛው ቅጠል እንዲደርስ። ማኅተሙን አሳርፎ ወረቀቱን ሲያቀብለው ዳምጤ ተቀበለና ስሙን ፊደል በፊደል ፈረመበት። ብዕሩን ሲመልስ ግን ተነሥቶ አልሄደም።

«አንድ ነገር ቀረኝ። መንግሥት ከባሕር ማዶ ሲበደር ዋሱ ማነው?»

ገብረ መድኅን ወደ በሩ አየ። ከወንበሮቹ በቀር በኮሪደሩ ማንም የለም። «አንተ ነህ፣» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷም ናት። ገና ያልተወለዱትም።»

«እኔ አውራ ጣቴን አላስነካሁም!» አለች ደጊቱ።

«ማንም አላስነካም፣ እናቴ።»

ቆርቆሮው እስከ አርብ ገበያ በእህል መኪና ተጫነ፤ ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ ሄደ። የቀበሌው ጎልማሶች ወንዙ ድረስ መጥተው ተቀበሉ፤ ስድስት ስድስቱን እያሰሩ በሰልፍ ሲያሻግሩት ውኃው ላይ የብርሃን መንጋ የሚሄድ ይመስል ነበር። ወዲያው ምስማር ተመታ። ጣሪያው ግን ከአምስት እጅ ሦስቱን ሸፍኖ ቆመ። ምጥ የያዛት ሴት የምትተኛበት ክፍል ሰማዩን እንዳየ ቀረ።

ሐምሌ ዐሥራ አንድ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሸንጎው ተቀመጠ። ዳምጤ ቦራንና ዳማን ራሱ እየነዳ አምጥቶ ከጥዱ ሥር አሰራቸውና ለብቻው ቆመ። የውሉን ወረቀት የመሠረተ ትምህርቱ መምህር አነበበ። መቶ ሃያ ይላል። ሰባ ሁለት ነው የመጣው።

«ነገሩ ግልጥ ነው፣» አለ ተክለሃይማኖት። «በሬዎቹ አርብ ይሸጡ፣ አርባ ስምንቱ ይገዛ። ዳምጤን ጠልቼው አይደለም። ውል ነው።»

ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ብዙው ደግሞ መሬት መሬት አየ። ማሳው ገና ሁለተኛ እርሻ አልታረሰም። ዋስ አይከራከርም።

ደጊቱ ተነሣች።

«እኔ አብሬው ሄጃለሁ፣» አለች። «ትልቁን ቤት አይቼዋለሁ። ወርቅ የለበትም፤ ወንበር ነው ያለበት። መንግሥትን አነሰው አሉን። ሲያንሰው ከባሕር ማዶ ይበደራል። መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ምን ያደርጉታል መሰላችሁ? ቀን ያራዝሙለታል! ፈረንጅ ያራዘመለትን እኛ አናራዝምለትም? እስከ መጪው ሰኔ ሠላሳ ቀን እንስጠው። እስከዚያ የቀረውን በሣር እንክደነው።»

«ዋሱስ?» አለ ተክለሃይማኖት። «ለተራዘመውም ዋስ ያስፈልጋል።»

«ዋሱ ያው እኔው ነኝ፣» አለ ዳምጤ ካለበት።

«በአንድ ዋስማ ሁለት ዓመት አይሆንም! ከበስተጀርባው ማን አለ?»

ደጊቱ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች። ስትሄድ ዳምጤን አላየችውም።

«በጥር ይኼ ሰውዬ የተነሣው ለመንግሥት ብሎ አልነበረም፣» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «እናንተም ታውቃላችሁ። ለኔ አፍ ነው ዋስ የሆነው። እስከ ዛሬ ‹እግዜር ይስጥህ› አላልሁትም።» አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ከወረቀቱ ጀርባ፣ በዳምጤ ስም ትይዩ፣ አጥብቃ አሳረፈችው። «ያው። እርሱ ቢያቅተው የኔን ጥገት ንዱ። አሁን በሬዎቹን ፍታቸው አያ ዳምጤ፣ ሲርባቸው አይታይህም?»

ተክለሃይማኖት ሄዶ የዳማን ገመድ ራሱ ፈታ። ማታውን ሣሩ ታጨደ፤ በሦስተኛው ቀን የቀረው የክሊኒኩ ወገን ክዳን አገኘ።

ዝናቡ በሳምንቱ ጠንክሮ መጣ። ዳምጤ ከእርሻ ሲመለስ ደርሶበት በሬዎቹን ከግድግዳው ጥግ አስጠግቶ ከደጃፉ ሥር ቆመ። ደጊቱም የሣሩን ክዳን ልታይ መጥታ እዚያው ነበረች። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንደ ነጋሪት ይጮኻል፤ ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እንኳ አይሰማማም። በሣሩ በኩል ግን ድምፅ የለም።

ሁለቱም ወደ ሣሩ ወገን ሄደው፣ ቀና ብለው፣ ድምፅ የሌለውን ጣሪያ ሲያዳምጡ ቆዩ።

«አያ ዳምጤ፣» አለች ደጊቱ ቆይታ፣ «እዚያ ባሕር ማዶ ያሉት አበዳሪዎች፣ የኛን ስም ያውቁታል?»

«እኔም እሱን እያሰብሁ ነበር፣» አለ ዳምጤ።

አንዲት ጠብታ ከሣሩ መካከል መንገድ አግኝታ ወረደችና ቀለም በቀረበት አውራ ጣቷ ላይ አረፈች። ደጊቱ ጠረገቻትና ሣር ልታመጣ ወጣች።